የጸሎተ ሐሙስ ውሃ



ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በግቢያችን መኝታ ክፍሎች ውስጥ አንድ ዓይነት ክርክር መነሣቱ የተለመደ ነው። ክርክሩም ስለ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት የሚበላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚቆየው ፊት ያፍራል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየውም «እኔ ጀምበር ሳትጠልቅ አልቀምስም» የሚል አንድ ሰው ሲመጣበት አንገቱን ይደፋል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሆድን ለመርሳት የተሠራውን ጾም ቀኑን ሙሉ ስለ ሆድ የሚወራበት እናደርገዋለን። ይህን የምጽፈው በሌሎች ለመሳቅ አይደለም። እኔ ራሴ ከተከራካሪዎቹ አንዱ፣ ያውም በቀላሉ ከማይረቱት ወገን ነበርኩ።

በ2016 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ስሰግድ ዋልኩ። ስግደቴንም ቆጠርኩ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ቁጥሩን እንዳልረሳው ማታ በግእዝ ሰዋስው ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት። ፋሲካው አልፎ ትምህርት ሲጀመር ደረጃ ስወርድ አነክስ ነበር። የማንከሴ ግማሹ እውነተኛ ነበር፤ ጭኔን በእርግጥ ያመኝ ነበርና። የቀረው ግማሽ ግን «ምን ሆነህ ነው?» ተብዬ እንድጠየቅ የተጨመረ ነበር። ሲጠይቁኝም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ምንም አይደል» እላለሁ። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ የኔ ማንከስ ሰሙ ትሕትና፣ ወርቁ ትዕቢት ነበር።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለዚያ ዓመት ሳይሆን ስለሚቀጥለው፣ ስለ 2017 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማት ነው። ዘንድሮ ሆሳዕና የሚውለው መጋቢት 27 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ጥንተ ስቅለቱን በምታስብበት ዕለት ሲሆን፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ቀኑ እየቀረበ ስለሆነ፣ አምና የሆነውን ሳልጽፈው ሌላ ስቅለት እንዲያልፍብኝ አልፈለግሁም።

አባቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር የገቡ ያስመስላል። በሲንጀር መኪና፣ በእግር በሚረገጠው ማለቴ ነው፣ እኔንና እኅቴን አሳድገዋል። እናታችን ያረፈችው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እንግዲህ የአባቴ እግር እንደ ሌላው ሰው እግር መሄጃ ብቻ አይደለም። ደብተሬም፣ ዩኒፎርሜም፣ ወደዚህ ግቢ የመጣሁበት የመኪና ገንዘብም የወጣው ከዚያ እግር ነው።

ስኳር በሽታ ካደረባቸው ዓመታት አልፈዋል። ይህ በሽታ ሥር ሲሰድ የደም ሥርንና ነርቭን ይጎዳል፤ ይልቁንም እግርን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ሲወጋ አይሰማውም፤ ሲቃጠልም አይሰማውም፤ ከቆሰለ ደግሞ ቶሎ አይድንም። በ2017 ዓ.ም. ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በቅድስት መሆኑ ነው፣ እኅቴ ቤት ስትጠርግ በመኪናው መርገጫ ላይ የደረቀ ደም አየች። የአባቴን ካልሲ ብታወልቅ የመርፌ ስባሪ ከቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ተሰክቶ አገኘች። ስንት ቀን እንደቆየ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ሲጠየቁ «አልተሰማኝም» አሉ።

እኅቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ከመርፌው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ቃል ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ «ሕመምን አርቅልኝ» እያለ ይለምናል፤ ሕመም ፈጽሞ የራቀው እግር ግን ይኸው መርፌ ተሸክሞ ሲረግጥ ይውላል። ደነገጥኩ እንጂ አልሄድኩም። የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና ነበረብኝ። ፈተናው በእርግጥ ነበር፤ በመካከሉ ቅዳሜና እሑድም በእርግጥ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የረመዳን ጾም ከኛ ጾም ጋር ገጥሞ ነበር። ከአልጋዬ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። በየሶላቱ ሰዓት በመታጠቢያው ቤት እግሩን አንሥቶ ሲታጠብ አይቼ፣ «አንተ በቀን አምስት ጊዜ ራስህ ትታጠባለህ፤ እኛን በዓመት አንድ ጊዜ ካህን ያጥበናል» ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀና «ታዲያ አንተ የማንን ታጥባለህ?» አለኝ። ቀልድን በቀልድ መመለሱ ነበር። ስለ አባቴ እግር የነገርኩት ነገር አልነበረም።

ደብረ ብርሃን የገባሁት በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን የአባቴን ጉልበት እስም ነበር። በዚህ ሳምንት ግን የይሁዳ መሳም ስለሚታሰብ መሳሳምም መጨባበጥም የለም። ካህኑ መስቀል አያሳልምም፤ ክርስትና አይነሣም፤ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህም በሆሳዕና ዕለት ለሁሉ አስቀድሞ ይጸለያል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እጅ ነሣሁ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነበር። በዚያ ሥርዓት ሁለታችንም የተደሰትን ይመስለኛል፤ እሳቸው እንዳልቀርባቸው፣ እኔም እንዳልቀርባቸው።

ቤቱ ውስጥ ሽታ ነበር። እኅቴ በዕጣን ልትሸፍነው ሞክራለች። ስለ እሱ ከዚህ የበለጠ አልልም።

ማክሰኞ ጠዋት ከጓዳው መጋረጃ በስተኋላ የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ። ገለጥ ባደርገው አባቴ በአንድ ሰዓት የአጃ ገንፎ ይበላሉ። ዐይን ለዐይን ተጋጨን። መድኃኒት የሚወስድ የስኳር በሽተኛ ሆዱን ባዶ ቢያውል ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ የነፍስ አባታቸውም ሰዓት እንዳይቆዩ ነግረዋቸዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህን ሳምንት እስከ ማታ ሲጾሙ የኖሩ ሰው፣ በልጃቸው ፊት ማንኪያ ይዘው ሲገኙ ፊታቸው የሆነውን ብታዩ ኖሮ! ሲሰርቁ የተያዙ ይመስሉ ነበር። እኔም አንድ ቃል መናገር ሲገባኝ መጋረጃውን መልሼ ወጣሁ። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጾምኩ፤ መጾሜንም ቤቱ ሁሉ እንዲያውቅ አደረግኩ። ቤቱ ሁሉ ማለት ሁለት ሰው ነው።

በክፍል እንደተማርነው ትሕትና የሚለው ቃል ከግእዙ «ታሕት» የወጣ ነው፤ አማርኛም «ታች» የሚለውን ያገኘው ከዚያው ነው። ትሑት በቀጥታው ሲፈታ እንግዲህ ታች ያለ ሰው ነው። ነገር ግን ወደ ታች የሚወስደው መንገድ አንድ አይደለም። ወርዶ ታች የሚሆን አለ፤ ወድቆ ታች የሚሆን አለ። ጾሙ የሚጀመረው፣ ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው እንደሰየመው፣ «ዘወረደ» በሚባለው ሳምንት ነው። መውረድ ፈቃድ አለበት፤ ክብርም አለበት። እኔ ስሰግድ እወርዳለሁ፤ ወዲያው እነሣለሁ፤ ደግሞ እወርዳለሁ። አባቴ ግን ወድቀው ነው። የስግደታቸውን ጉልበት፣ የጾማቸውን ሰዓት፣ የመኪናቸውን መርገጫ ማንም ሳያስፈቅዳቸው ተነጠቁ። ስለ ትሕትና የሰማኋቸው ስብከቶች አብዛኞቹ ስለሚወርዱት ናቸው። ስለወደቁት የሚነግረን ማነው?

አንድ አለ ይመስለኛል፤ እሱም የጾሙ አራተኛ ሳምንት መጻጉዕ ነው። ያ ሰው 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው መርጦ አይደለም። የራሱም አቤቱታ ስለ በሽታው ከመሆን ይልቅ ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነው። ልብ በሉ፤ ጌታ ሕመምህ በረከት ነውና ተቀበለው አላለውም። አዳነው። ይህን የምለው የአባቴን ጎረቤቶች ስለማስታውስ ነው። ጠያቂ ሆነው መጥተው ቡናቸውን እየጠጡ «እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል፤ ታደሉ» ይሏቸው ነበር። አባቴም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰዎቹ በጤነኛ እግራቸው ተነሥተው ሲሄዱ፣ አባቴ ለመድኃኒት የተቀመጠውን ገንዘብ እንደገና ይቆጥራሉ። የሌላውን ሰው ሕመም መቀደስ ቀላል ነው፤ እኔም የራሴን የጭን ሕመም የቀደስኩት ሳይከብደኝ ነበር።

ሐሙስ ሆነ፤ ጸሎተ ሐሙስ። እኅቴ ከማለዳ ጀምሮ ጉልባን ጥዳለች፤ የተከካ ባቄላና ስንዴ ነው። ጉልባን እስራኤል ከግብፅ በችኮላ የወጡበት መታሰቢያ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኅቴ ግን ከዋዜማው ዘፍዝፋ፣ ጨውን ሦስት ጊዜ ቀምሳ እንጂ በችኮላ አትሠራውም። እኔ ወደ ደብራችን ሄድኩ። ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥቡ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እግሬን ዘረጋሁ። አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ከቤት ስወጣ እግሬን በሳሙና አጥቤ፣ ጥፍሬን ቆርጬ ነበር። ለመታጠብ ታጥቦ የሚሄድ ሰው! ደግሞም ብቻዬን አልነበርኩም፤ በሰልፉ ላይ አንድም የቆሸሸ እግር አላየሁም።

ቤት ስመለስ እኅቴ የለችም፤ ፋሻ ልትገዛ መድኃኒት ቤት ሄዳለች። አባቴ ጋቢውን ገልጠው፣ ጎንበስ ብለው የእግራቸውን ጥቅልል በራሳቸው ሊፈቱ ይታገላሉ። እጃቸው አልደርስ ብሏቸዋል።

«አባዬ፣ ይፍቀዱልኝ፤ እኔ ልጠብዎት» አልኩ።

«ተወው። አንተ መጽሐፍህን አንብብ። እሷ ትመጣለች።»

«እኔም እኮ እችላለሁ።»

«ያን ሁሉ ያስተማርኩህ ቁስል አጣቢ ላደርግህ ነው? ሂድ አልኩህ!»

ወጣሁ። ስወጣም ደስ አለኝ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጽፌያታለሁ። ልቤ ቀለለኝ፤ ጠይቄ ነበር፤ ተከለከልኩ፤ ከእንግዲህ የኔ ዕዳ አይደለም። ከበሩ ውጭ በድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 13ን ገለጥኩ፤ የዕለቱ ንባብ ነውና። ጴጥሮስ እግሬ አይታጠብም ብሎ እንቢ ያለበትን ቦታ ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። ሽማግሌው ጴጥሮስ፣ አልኩ፤ በምሳሌው ረቀቅኩ፤ በዳር ላይ በእርሳስ ልጽፈው ሁሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጴጥሮስ እንቢ ሲል አጣቢው ትቶት አልወጣም።

እኅቴ ፋሻዋን ይዛ መጣች። ውጭ ተቀምጬ ስታየኝ ሁሉንም አወቀች። እኅቴ በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህል ብቻ ባለፉበት ዓመት ከዘጠና ሰባቱ መካከል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ቤታችን ሲመጣ የሚጠይቀው ስለኔ ነው፤ «ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደህና ነው?» ይላሉ፤ ቡናውን የምታቀርበው እሷ ናት።

«ስለከለከሉህ ነው ወይስ ስላልለመንካቸው?» አለችኝ።

«ሂድ አሉኝ።»

«እኔንም ብለውኛል። አምስት ቀን በሩ ላይ ቆሜያለሁ» ብላኝ ገባች። በሩንም ዘጋችው።

የስቅለት ዕለት አባቴ ካልሄድኩ አሉ። የሕክምና ጣቢያዋ ነርስ በባዶ እግር መሬት እንዳይረግጡ አጥብቃ አዛቸዋለች፤ የማይሰማው እግር ጠጠር ቢወጋው ሌላ ቁስል ነው። ቅዱሱን ቦታ ደግሞ በጫማ አይረግጡትም። ስለዚህ በባጃጅ መጥተው፣ ሰፊ ክፍት ጫማ በፋሻው ላይ አጥልቀው፣ ከቅጽሩ በር ውጭ በምርኩዛቸው ቆሙ። በዚያ ደብር ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ከመቅደሱ አጠገብ ቆመው ያስቀደሱ ሰው ናቸው። እኔ ከበሩ በስተውስጥ፣ ከሕዝቡ ጋር ምንጣፌን ዘርግቼ እሰግድ ነበር። ካህናቱ ግብረ ሕማማቱን ያነባሉ፤ ሕዝቡ ኪርያላይሶን ይላል፤ ፀሐዩ በረታ።

ከጎኔ ሁለት ሴቶች ለማረፍ ተቀመጡ። አንደኛዋ ወደ በሩ አየችና «እኒያን ሽማግሌ እይ፤ በስቅለት ቀን ጫማ! ኩራት እስከ መቃብር ነው» አለች። ሁለተኛይቱም «የሀብታም ነገር» አለችና ወደኔ ዞር ብላ «ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ።

ለመደበቅ ከስግደት የሚሻል ቦታ የለም፤ ፊት አይታይም። አልመለስኩላትም፤ ወደ ምድር ወረድኩ። ስነሣም ወዲያው ወረድኩ፤ ደግሞም ወረድኩ። ዶሮ አልጮኸም፤ የከተማው ዶሮ ሁሉ በዚያ ሰዓት እግሩን ታስሮ ለፋሲካ ገበያ ቀርቦ ነበር። የስግደቴ ቁጥር ግን ጠፋኝ። ከመቶ ሃያ በኋላ የሆነውን አላውቀውም። አንዴ ቀና ስል አባቴን አየኋቸው። አይሰግዱም፤ አይቀመጡም፤ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ብቻ ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ። ሰው በጎናቸው እያለፈ ይገባል፤ ሁሉም ጫማቸውን አይቶ ይገባል። እሳቸውም እንደሚያይባቸው ያውቃሉ። ማብራሪያ አልሰጡም። «ታምሜ ነው» የሚል ወረቀት በደረታቸው ላይ አልለጠፉም። ኩሩ ተብለው ቆሙ። እኔ ታዲያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ወርጄ ያልደረስኩበት ታች ያ ነበር።

ማታ ስግደቱ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን እየጠበጠቡ የጎደለንን ስግደት ያዙናል። ለካህኑ የተናገርኩትንና የታዘዝኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ እንደገና ጠየቅኳቸው። «ተወኝ» አሉ። አልተውኩም፤ በሩ ላይ ቆምኩ። እኅቴ ምንም ሳትናገር ውሃ አሞቀችና ሳፋውን በእጄ አስያዘችኝ። ጣቴን ነክሬ «ደህና ነው» ስላት፣ «በጣትህ አይደለም፤ ጣት ሙቀት ለምዷል። በክርንህ ለካው። እሳቸው አይሰማቸውም፤ ስለ እሳቸው የሚሰማህ አንተ ነህ» አለችኝ። ክርኔን ነከርኩ፤ ሞቃት ነበር። ቀዝቃዛ ጨመርን። ደግሜ ነከርኩ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እግራቸውን ገፋ አደረጉልኝ።

«ይሸታል» አሉ።

«አዎ፣ ይሸታል» አልኩ። አይሸትም ብል ኖሮ እግራቸውን የሚመልሱት ይመስለኛል። ከግድግዳው በኩል አጭር ሳቅ ሰማሁ።

ፋሻውን እኅቴ ፈታችው። የአባቴን እግር በሕይወቴ አይቼው አላውቅም ብል የሚያምነኝ የለም፤ ግን እውነት ነው። ሁልጊዜ በጫማ ውስጥ ወይም በመርገጫው ላይ ነበር። ከጣቶቻቸው ሥር ያለው ቆዳ ከብረቱ ጋር ሲጋፋ ኖሮ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል፤ አውራ ጣቱ ጠቁሯል፤ ከሥሩ የአምስት ሳንቲም ያህል ጉድጓድ አለ። ቁስሉን እኅቴ ከሕክምና ጣቢያ በተሰጣት የጨው ውሃ አጠበችው፤ እኔ የቀረውን እግር ለብ ባለው ውሃ አጠብኩ። እየነገረችኝ በየጣቱ መካከል በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩ፤ በጣት መካከል የሚቀር እርጥበት ሌላ ቁስል ያመጣልና። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመጸየፍ የመጣ መሆኑንም አልክድም፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

ስጨርስ እያለ አባቴ ፊታቸውን ሳይመልሱ «ውሃው ሙቅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እግራቸው ውሃው ውስጥ ነበር። የገዛ እግራቸው ያለበትን እኔን ጠየቁኝ።

«ለብ ያለ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ።

ከዚያን ሌሊት ወዲህ ስለ ሕጽበተ እግር ሳስብ ጎንበስ ያለው ሰው ያን ያህል አያስገርመኝም። ያጠበ ሰው በኋላ ቀና ይላል፤ ይኸው እንደኔ በመጽሔት ላይም ይጽፋል። የተቀመጠው፣ እግሩን የሰጠው፣ ሽታውንና ቁስሉን ያሳየው ሰው ግን የሚጽፈው ነገር የለውም። ሐሙስ ዕለት የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ራሱ፣ ከፋሲካ ስድስት ቀን አስቀድሞ በቢታንያ ማርያም እግሩን ሽቱ ስትቀባና በጠጉሯ ስታብሰው አልከለከላትም። ቤተ ክርስቲያንም የሕማማቱን ረቡዕ መልካም መዓዛ ያለው ረቡዕ፣ የእንባም ቀን ትለዋለች። አስቀድሞ እግሩን የሰጠ ነው ኋላ ሳህኑን ያነሣው። እኛ ግን ከረቡዑ ዘልለን ሐሙስን እንወዳለን፤ ሐሙስ አጣቢ ነንና። አባቴ ለአንድ ማታ እግራቸውን ሲሰጡኝ ከሰጡኝ ደብተርና ዩኒፎርም ሁሉ የበለጠ የከበዳቸውን ሰጡኝ። ለእኅቴ ይህን ከሰጧት ወር አልፎ ነበር፤ እሷ ግን ስለ እሱ ያለችው ነገር የለም።

ቀዳም ሥዑር ቄጤማ መጣልን፤ ፋሲካም ሆነ፤ ዶሮውን ጎረቤት አረደልን። ግንቦት ውስጥ የአባቴ አውራ ጣት ተቆረጠ። ቁስሉ እስከ ነሐሴ ድረስ ቆይቶ ዳነ። አሁን መርገጫውን የምትረግጠው እኅቴ ናት፤ አባቴ ጨርቁን ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ስፌቷ ሲጣመምባት ይቆጧታል። መርፌ ሲሰበር ሁለቱም ሥራ አቁመው ስባሪው እስኪገኝ ወለሉን ይፈትሻሉ። እግራቸውን ግን ዛሬም በየማታው ማየትና ማጠብ ያስፈልጋል።

እኔም ተለወጥኩ አልላችሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት በመኝታ ክፍላችን ክርክሩ እንደተለመደው ተነሥቶ ስንት ሰዓት እንደምጾም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ሲደነቁም ደስ አለኝ። ከላይ ያለው አልጋ ላይ ጓደኛዬ ይስቅ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዐርብ ወደ ቤት እሄዳለሁ። እኅቴ ትናንት ደውላ ከአዲስ አበባ የማመጣውን አዘዘችኝ፤ ፋሻ፣ ጓንት፣ ሦስት ቁጥር ክር፣ የመኪና ዘይት። ስልኩን ልዘጋ ስል «ደግሞ የእጅህን ጥፍር ቁረጥ፤ አምና ቧጭረሃቸዋል» አለችኝ።

«ነግረውሽ ነው?» አልኳት።

«እንዴት ብለው ይነግሩኛል? አልተሰማቸውም እኮ። ያየሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።